ኩላሊቴ ላይ ስላልተደረገው ነገር

ለውድ እኅቴ፣ ለእትዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይቆረጥምሻል ወይስ አዲሱ ቅባት ረዳሽ? ባለቤትሽ ጋሼስ፣ ያ የማያስተኛቸው ሳል ለቀቃቸው? መንትዮቹ ፈተና ላይ ናቸው ብለሽኝ ነበር፤ እንደለመዱት አንዷ አጥንታ ሌላዋ በእሷ ተማምና ገቡ ወይስ ዘንድሮ ሁለቱም አጠኑ? አማትሽ እማማ ዓይናቸው ከተሠራ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡት ራሳቸው መሆናቸውን ስሰማ እንዴት ደስ እንዳለኝ። ሁላችሁም፣ ሰው ባየ ቁጥር አልጋ ሥር የሚደበቀው ፈሪ ውሻችሁ ሳይቀር፣ ደኅና ሁኑልኝ።

እኛ ቤት ባለቤቴ ደኅና ናት፤ ምላሷም እንደ ድሮው ነው። እኔም ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን፣ ደኅና አለመሆኔን ከእኔ ቀድመሽ ታውቂ የነበርሽ ሰው ነሽ። በትክክል ነው ያነበብሽው፤ መለስ ብለሽ አታንብቢው፣ እደርስበታለሁ። ሰላምታ ሳትጨርስ ወደ ነገር አትግባ ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ስለሆንሽ ነው እስካሁን የታገስኩት።

የጽሕፈቴን መንጋደድ አይተሽ አትደንግጪ። ቀኝ እጄን የምታሠራኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በየቀኑ ጻፍ፣ የፈለግከውን ጻፍ፣ ብቻ ጣቶችህ ሥራ አይፍቱ ብላኛለች። መጀመሪያ የደንበኞቼን ቅጽል ስም ስደረድር ሰነበትኩ። እሱ ሲያልቅብኝ የሻምፖ ጠርሙስ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ገለበጥኩ። ባለቤቴ አይታ ሳቀችና፣ ሆድህ ውስጥ ያለውን ለምን ለእትዬ አትጽፍላትም አለችኝ። እውነቷን ነው። በስልክ ብነግርሽ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ ለመናገር ያዘጋጀሁት ሁሉ ይጠፋብኛል፣ በመጨረሻም ተበዳዩ እኔ ሆኜ ሳለ አባባዩም እኔው እሆናለሁ። ወረቀት ላይ ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የምታውቂውም ይኖርበታል፤ ግን እስካሁን የሰማሽው በሌላ ሰው አፍ ስለሆነ አንድ ጊዜ በራሴ አፍ ስሚው። ደም ግፊቴ ለዓመታት አሻፈረኝ እንዳለ ታስታውሻለሽ። አንድ ኪኒን ሰጡኝ፣ አልወረደም፤ ሁለት አደረጉት፣ ሦስት አደረጉት፣ በመጨረሻ አራት ዓይነት ሆነ። አንዱ ቁርጭምጭሚቴን አሳበጠው። ሌላው ደረቅ ሳል አስያዘኝና ደንበኞቼ የሳንባ በሽታ ነው ብለው ፊታቸውን ያዞሩብኝ ጀመር። ሽንት የሚያሸናው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ሰው ያን ኪኒን ውጦ እንዴት አድርጎ ይሥራ? ግማሽ ጢሙን የተላጨ ሰው ወንበር ላይ ትቼ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ፤ ስመለስ ሰውየው በመስተዋቱ ውስጥ ግማሽ ፊቱን እያየ ይጠብቀኛል። ይህን ሁሉ ችዬ ስውጥም ግፊቱ እዚያው ነበር።

በመጨረሻ ዶክተሯ አንድ አዲስ ሕክምና እየተጠና ነው አለችኝ። ያስረዳችኝ እንዲህ ብላ ነው፦ ወደ ኩላሊት በሚሄደው የደም ሥር ዙሪያ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። እነዚያ ነርቮች በአንጎልና በኩላሊት መካከል ወሬ ያመላልሳሉ፤ እንደ እኔ ባለ ሰው ላይ ወሬው ይበዛና ግፊቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው በደም ሥር ውስጥ እስከ ኩላሊቱ መግቢያ ያደርሱታል፤ በቱቦው ጫፍ ሙቀት ነርቮቹን ያቃጥሏቸዋል። ሆድ አይቀደድም። ተአምር ግን እንዳትጠብቅ አለችኝ፤ ለአንዳንዱ ሰው ግፊቱን ዝቅ ያደርግለታል፣ ለአንዳንዱ እምብዛም አይረዳውም፣ ከኪኒን ደግሞ አያስጥልም።

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረችኝ። ጥናት ስለሆነ ግማሾቹ ሰዎች ይደረግላቸዋል፤ ለግማሾቹ ቱቦው ይገባና የደም ሥራቸው ፎቶ ብቻ ተነሥቶ ይወጣል። ለማን ምን እንደሚደርስ በኮምፒዩተር ዕጣ ይወጣል። ዓይን ይሸፈናል፣ ጆሮ ላይ ሙዚቃ ይደረጋል፤ በሽተኛው አያውቅም፣ እሷ ራሷም አታውቅም። የሚያውቁት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ብቻ ናቸው፣ እነሱም ጥናቱ እስኪያልቅ ትንፍሽ አይሉም። ያልተደረገላቸው ሰዎች መጨረሻ ላይ ከፈለጉ ይደረግላቸዋል። ሴትየዋ ምንም አልደበቀችኝም፤ ስለዚህ በእሷ ቅሬታ የለኝም።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፤ ለዕጣ ብዬ ጭኔን አላስበሳም ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሙሽራው ብለን ስም ያወጣንለት ታናሽ ወንድማችን ያን እሑድ እንደ ልማዱ ሊቆረጥ መጣ። ልጅ ሆኖ ሸሚዙን ጭቃ እንዳይነካው እየተሸከምነው ያሳደግነው ሰው ዛሬም የተተኮሰ ሸሚዝ ሳይለብስ ከቤት አይወጣም። ሥራው እዚያው ሆስፒታል፣ ያ ቱቦ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ነው፤ የራጅ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ፎቶውን የሚያነሣው እሱ ነው። የቤታችንን አመል መቼም አንቺ አትስቺውም። መታወቂያ ለማውጣት ሰው እንፈልጋለን፣ ለዳቦ ሰልፍ እንኳ ሰው እንፈልጋለን፤ ውስጥ ሰው ካለን ነገሩ አለቀ ነው የምንለው። እኔም ቶንዶሱን አንገቱ ላይ እንደያዝኩ፣ አንተ እያለህ እኔ ዕጣ ውስጥ ልገባ ነው እንዴ አልኩት። እሱም በመስተዋቱ ውስጥ እያየኝ፣ አንተ ብቻ ግባ፣ ከሚደረግላቸው ውስጥ ነህ፣ ጨርሻለሁ አለኝ። ጨርሻለሁ ነው ያለኝ፣ እትዬ። ደስ ብሎኝ ለማንም የማላወጣውን ሎሽን አንገቱን ቀባሁት።

በቀጠሮው ቀን ታጥቤ ተላጭቼ ሄድኩ። ክፍሉ ይበርዳል፤ አልጋው ጠባብ ነው፣ ከላይ የማሽኑ ክንድ ተንጠልጥሏል። ሙሽራው ያን ከባድ የራጅ መከላከያ ሽርጥ ለብሶ ቆሟል። ትከሻዬን ነካ አድርጎ አይዞህ አለኝ። ከዚያ የሚያደነዝዝ መርፌ ሰጡኝ፣ ዓይኔን ሸፈኑት፣ ጆሮዬ ላይ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ለቀቁብኝ። በመሀል ወገቤ ውስጥ ሙቀት ሲሰራጭ ተሰማኝ። በቃ እያቃጠሉልኝ ነው አልኩ በልቤ፣ እንባዬም መጣ። አባታችን ትዝ አለኝ፤ እሱ ይህን የሚያደርግለት አጥቶ ራሱን እንደያዘ ወደቀ፣ እኔ ግን ሰው አለኝ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ የሆንኩትን ብታዪ ትስቂ ነበር። ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ስለ ኩላሊቴ ሳይሰማ አይነሣም። ጡረተኛው መምህር ሙቀቱ ምን ዓይነት ነበር ብሎ ሲጠይቀኝ ፎጣ በሙቅ ውኃ ነክሬ ወገቡ ላይ ለጥፌ፣ እንዲህ ነው አልኩት። ሰውየው ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለችው የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ግፊቴን ስትለካኝ እውነትም ወርዶ ነበር። ደረቴን ነፋሁ። የተቃጠለ ነርቭ ይዤ ምን ኪኒን ያስውጠኛል አልኩና መጀመሪያ ሽንት የሚያሸናውን ተውኩ። ቀጥሎ ሳል ያስያዘኝን። ኋላ ሁሉንም። ዶክተሯ ስትጠይቀኝ እውጣለሁ ነው የምላት፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አሁን የያዝነው የእኔን ጉዳይ አይደለም።

ለሙሽራው ግን አልደበቅኩትም። አንድ እሑድ እየቆረጥኩት፣ ያን ሁሉ ኪኒን እርግፍ አድርጌ ተውኩት አልኩት። ፎጣውን ጉልበቱ ላይ እያጣጠፈ፣ ኪኒኑን እንኳ ባትተው ጥሩ ነው አለ። እንደዚህ ነው ያለኝ፣ ብርድ ነው ሹራብ ደርብ እንደሚባለው። አንተ አቃጥለህልኝ እንዴት አልተወው ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ከጎኑ ትንሽ አሳጥርልኝ አለኝ። ይህ ሰው እኮ ምንም እንዳልተቃጠለ በዓይኑ አይቷል። በራጅ ማሽኑ ማያ ላይ ኩላሊቴን ቆሞ ያየ ሰው ነው። እኔ ያለ ኪኒን፣ ያለ ሕክምና፣ በባዶ እየተንጎራደድኩ መሆኔን እያወቀ ፀጉሩን አስቆርጦ፣ ልብሱን አራግፎ ወጣ።

የደረሰው ነገር የደረሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። የሚኒባስ ሾፌሩን እየላጨሁ ነበር። ምላጩን ከጆሮው ሥር ወደ አገጩ ላወርድ ስል ጣቶቼ እምቢ አሉኝ። ምላጩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ላነሣው አልኩና ቀና ስል አፌ ወደ አንድ ጎን ሲወርድ በመስተዋቱ አየሁት። ይቅርታ ልለው ፈልጌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም። ያ ሾፌር፣ ብድሩን ፈጣሪ ይክፈለውና፣ ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ ተሸክሞ መኪናው ውስጥ አስገባኝ። ተሳፋሪዎቹን በሙሉ እንዳስወረዳቸው ኋላ ነው የሰማሁት። ሆስፒታል ስንደርስ የፊቱ ሳሙና ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። ስትሮክ ነው አሉ፤ ቶሎ ባልመጣ ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው አይኖርም ነበር።

ነፍስ ስዘራ ዶክተሯ መጣች። ግፊቴ ሰማይ ነክቶ ነበርና ምን እንደተደረገልኝ ማወቅ ስላለባት የዕጣውን ምስጢር ከሚጠብቁት ሰዎች አስከፍታ አይታለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ካልተደረገላቸው ሰዎች ውስጥ ነዎት አለችኝ። ተሳስተሻል አልኳት፤ ምላሴ እየተሳሰረ። ሙቀቱ በገዛ ወገቤ ተሰምቶኛል አልኳት። ለፎቶ የሚረጨው መድኃኒት ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ያሞቃል አለችኝ። ግፊቴስ ወርዶ አልነበረም ወይ አልኳት። ያን ሰሞን ኪኒንዎን በደንብ ይውጡ ነበር፣ ልብዎም ቀለል ብሎት ነበር አለችኝ። እንደዚያ ጊዜ ያፈርኩበት ቀን የለም። ፎጣ ነክሬ መምህሩ ወገብ ላይ የለጠፍኩት ትዝ አለኝና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሙሽራው ማታ መጣ። ወንበር እያለ አልተቀመጠም፤ በተተኮሰ ሸሚዙ እግርጌዬ ቆመ። ምን ጨረስክልኝ አልኩት። ምንም አለኝ። ማንንም አልጠየቀም፤ ለነገሩ የሚጠየቅም ሰው አልነበረም፣ ዕጣውን የሚያወጣው ማሽን ነው። እንድገባለት ብሎ ነው የዋሸኝ፣ እምቢ ብዬ እንደ አባታችን እንዳልቀርበት። ዕጣው እንዳልወጣልኝ ያወቀው እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ዓይኔ ከተሸፈነ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዳይነግረኝ ደንቡ አሰረው፤ ቢናገር ከሥራው ይባረራል። ደንቡ ይገባኛል፣ እትዬ። ደንብ ሰውን ዝም ያሰኛል። ጨርሻለሁ ያሰኘው ግን የትኛው ደንብ ነው?

ተናግሮ የጨረሰ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ገና አልጨረሰም ነበር። ሆዱ አልችል ብሎት ቱቦው በገባልኝ በዚያው ሳምንት ለአንቺ ደውሎ ነግሮሻል። አልቅሷል። ልንገረው ወይስ ዝም ልበል ብሎ ጠይቆሻል። አንቺም አትንገረው፣ ግፊቱ ወርዶለት ደስ ብሎት የለም ወይ፣ ተስፋውን አትንጠቀው አልሽው። ኪኒን መተዌን ሲነግርሽም እኔ በዘዴ አስውጠዋለሁ፣ አንተ አፍህን ያዝ አልሽው። ይህን ሁሉ እግርጌዬ ቆሞ ሲነግረኝ ዓይኑን ከአንሶላው ላይ አላነሣም። ለእኔ ያልተፈታው ደንብ ለአንቺ በስልክ ተፈትቷል ማለት ነው። ስትሮኩ እጄን ነው የወሰደው፤ ይህ ግን ወሽመጤን ቆረጠው።

ለካ የስልክሽ ነገር ይኸ ነበር። በደወልሽ ቁጥር ገና ሰላም ሳንባባል፣ ኪኒንህን ዋጥክ? ብለሽ ትጀምሪ ነበር። እኔ ቂል፣ እኅቴ እንዴት ብትወደኝ ነው እያልኩ ለደንበኞቼ አወራ ነበር። አንድ ቀን እንዲያውም፣ ተቃጥሎልኝ የለም እንዴ ምን አስጨነቀሽ ስልሽ፣ ቢሆንም አልሽኝ። ቢሆንም! በዚያች በአንዲት ቃል ፋንታ አልተቃጠለም ብትዪኝ ኖሮ በዚያኑ ቀን አራቱንም አንድ ላይ እውጥ ነበር። እቆጣ ነበር፣ ስልኩን ጆሮሽ ላይ እዘጋው ነበር፣ ለሙሽራውም የማይሆን ነገር እናገረው ነበር። ቢበዛ ለወር ያህል አኮርፋችሁ ነበር። አንቺ ኩርፊያዬን ፈርተሽ እጄን ሰጠሽብኝ።

አባታችን የወደቀ ዕለትም እንዲሁ ነበር ያደረግሽን። ሆስፒታል ተኝቷል፣ ይሻለዋል አልሽን፤ የትምህርት ቤት ልብሳችንን ተኩሰሽ ላክሽን። መሞቱን ያወቅኩት ጎረቤታችን ራሴን እየደባበሰች ስታለቅስ ነው። ያኔ አንቺም ልጅ ነበርሽ፣ ለእኛም ትንሽ ቀን መግዛትሽ ነበር፤ አንድም ቀን ቂም ይዤብሽ አላውቅም። አሁን ግን እኔ ሽበቴን በየሳምንቱ የምቀባ ሰው ነኝ። የራሴን ኩላሊት ወሬ ከእኔ ደብቆ የሚያሳድገኝ ሰው አልፈልግም።

ባለቤቴ ይህን ሁሉ ስነግራት የጠበቅኩትን አላለችኝም። ሥራዋን ሳታቆም፣ አንተን ማን ደፍሮ ይነግርሃል አለችኝ። እሷ ስለ ዕጣውም ስለ ውሸቱም የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ኪኒንህን ዋጥ እያለች በጨቀጨቀችኝ ቁጥር የምስቅባት እሷ ነበረች። አንተ ክፉ ወሬ ሲነገርህ ወሬውን ትተህ ነጋሪውን ነው የምትይዘው አለችኝ። እኔም ወዲያው ተቆጣሁ። እሷም እህ፣ ይኸው አለችና ወጣች። ነገሯ እውነት ይኑረው አይኑረው ሌላ ቀን አስብበታለሁ፤ ዛሬ የተበደልኩትን ልጻፍ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርሽ። እግሬ ዳነ፣ አፌም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስቆጣ ብቻ ትንሽ ጠመም ይላል ይላሉ። ፀጉር ቤቱን የሥራ ባልደረባዬ ይዞታል። እኔ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር አጠገብ ቆሜ በግራ እጄ የልጆችን ፀጉር በቶንዶስ አነሣለሁ። ምላጭ ግን አልነካም፤ ብነካም አንገቱን የሚሰጠኝ ሰው የለም። ሾፌሩ ብቻ ዛሬም መጥቶ እኔ ጋ ይቀመጣል፣ ያቋረጥከውን ጎን መቼ ነው የምትጨርስልኝ እያለ ያሾፍብኛል። ጢሙን እስከዚያ አሳድጎታል። ሌላ ቦታ አልላጭም ብሎ ነው፣ እኔም ነገሩ ገብቶኝ ቀና ብዬ አላየውም።

ጥናቱ ለእኔ ተከፍቷልና ዶክተሯ እውነተኛውን ሕክምና ልታደርግልኝ ትችላለች። መጀመሪያ ግን ኪኒኑን በትክክል እየዋጥኩ ግፊቴ የማይወርድ መሆኑን ማረጋገጥ ነበረባት። ቃሌን አላመነችም፤ ልክ ናት። ለብዙ ሳምንት በየጠዋቱ ክሊኒክ እየሄድኩ ነርሷ ፊት ዋጥኩ። አፍዎን ይክፈቱ፣ ምላስዎን ያንሡ ትለኛለች፤ ደንበኞቼ ቢያዩኝ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ። አራቱንም በሥርዓቱ ውጬ ግፊቱ አሁንም እዚያው ላይ ነው። እንግዲህ የኔ ግፊት እውነተኛ እምቢተኛ መሆኑ ታወቀ። ቀን ተቆርጦልኛል፣ በሚመጣው ወር አጋማሽ ነው። አንድ ስትሮክ ቀምሼያለሁ፤ ሁለተኛው ከመጣ እንደ መጀመሪያው በእጅ ብቻ አይለቀኝም ብላኛለች።

ያ ክፍል የራጅ ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ተረኛው ደግሞ ሙሽራው ነው። ዶክተሯ ነገራችንን ሰምታ ኖሮ፣ ከፈለጉ ሌላ ሰው እንዲገባ አደርጋለሁ አለችኝ። አስብበታለሁ ብያት ወጣሁ። ብዙ አሰብኩ። ሌላ ሰው ይግባ ብል፣ ሙሽራው ከበር ውጭ ተቀምጦ እጁን ሲያፋትግ ይታየኛል። እሱ ይግባ ብል፣ ያ ማያው ላይ የሚያፈጥ ዓይኑ ይታየኛል። ባለፈው እሑድ ሳልጠራው መጣ። ፀጉሩ አድጎ ጆሮው ላይ ወርዷል፤ እኔ ከታመምኩ ወዲህ ማንም አልነካውም። ቁጭ በል አልኩት። በግራ እጄ ቆረጥኩት፣ ከኋላው ደረጃ ደረጃ ሆነበት። ስጨርስ እንዲህ አልኩት፦ ክፍሉ ውስጥ ትገባለህ፣ ማሽንህን ታንቀሳቅሳለህ፤ ግን ለእኔ አንዲት ቃል እንዳትናገር። አይዞህ እንኳ እንዳትለኝ። ሲያልቅ የሆነውን ዶክተሯ ትነግረኛለች። በጭንቅላቱ እሺ አለኝ። ታርቀናል ብለሽ እንዳትጽፊ፤ አልታረቅንም።

አንቺን የምጠይቅሽ ሁለት ነገር ነው። በዚያን ዕለት እንዳትደውዪ። ስልኩን ባለቤቴ ትዘጋዋለች። አንድ ነገር ቢደርስብኝ እሷ በዚያው ሰዓት እንዲነገራት ለዶክተሯ አደራ ብያለሁ፤ እሷ ደግሞ በዚያው ሰዓት ለአንቺ ትነግርሻለች። ሌላው፣ ለዚህ ደብዳቤ መልስ ስትጽፊ ለአንተ ብዬ ነው እንዳትዪኝ። ለእኔ አይደለም። ፈርቼ ነው በዪኝ። አንቺ እኛን ለማሳደግ ስትዪ አንድም ቀን ፈራሁ ብለሽ አታውቂም፤ መፍራትሽን ከአፍሽ ብሰማ ለእኔ ከይቅርታ ይበልጥብኛል። ለአንተ ብዬ ነው የሚል ደብዳቤ ከመጣ ግን ከመጀመሪያው መስመር አላልፍም፤ ያስታመመችኝ ሚስቴ እያየች እቀደዋለሁ።

ለጋሼ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ሳላቸውን ንቀው እንዳይተዉት፣ መድኃኒታቸውንም በሰው ወሬ እንዳያቋርጡ። መንትዮቹን ሳሚልኝ፤ ያላጠናችውንም ጭምር። የእማማን ጉልበት ስሜያለሁ፣ ዓይናቸው ይበርታላቸው። ሁላችሁንም ባለቤቴ እጅግ አድርጋ ሰላም ትላለች። ሙሽራው ሰላም በልልኝ አላለኝም፤ ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍ አያውቅም። አንቺም እስኪደርስሽ ድረስ ሳታውቂ ቆየሽ፤ ሳይነገሩ መኖር ምን እንደሚመስል ለጥቂት ቀን አብረን ቀመስነው።

የእናትሽ ልጅ፣ ወንድምሽ ነኝ፤ በዚህም ላይ ያልተነገረኝ ነገር ከሌለ።

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ግንቦት ዘጠኝ ቀን